ከነጩ ቀለም ሥር

ኦቪላ ሻርልቧ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን የምድጃው ጠርዝ ፈንክቶታል፤ እጁ እርጥብ ፎቶ ጨብጧል። በካናዳዋ ትሯ ሪቪየር ከተማ ሕያው ሰው የማይወድ፣ የሞቱ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን ፎቶ ግን እንደ ልጅ የሚያቅፍ ንፉግ ሽማግሌ ነበር። ቢሆንም እንዲህ መሞት አልነበረበትም።

ኢንስፔክተር ፍሎራንስ ዱቤ ፎቶውን ከሠፈሩ ፖሊስ በቀር ለማንም ሳታሳይ በፖስታ አሸገችው። የሠፈሩ ፖሊስ ወንጀለኛዋን አግኝቻለሁ ባይ ነው። «ሠራተኛዋ ፎቶውን አጠበችው፣ ሽማግሌው ተቆጣት፣ ገፈተረችው። አለቀ» አላት። ሠራተኛዋ ሮዝ-ኤሜ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወህኒ ከገባች በሕይወት አትወጣም።

ዱቤ ወደ ቤቱ የሚገቡትን ሦስት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ሰብስባ፣ የበረኛው ፎቶ ታጥቦ መገኘቱን ብቻ ነገረቻቸው።

«ወይዘሮ ሮዝ-ኤሜ፣ ፎቶዎቹን በምን ነበር የሚያጸዱት?»

«በላባ መጥረጊያ፣ እመቤቴ። ሠላሳ ዓመት። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ከተጠጋሁ እንደሚያባርረኝ ነግሮኛል።»

የአሮጌ ፎቶ ነጋዴው ፕሩ ሳይጠየቅ ገባበት። አገር የእሱን ትምህርት የሚጠብቅ ይመስለዋል። «ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት የ1911 የበረኛው ምስል ካርድ የተሠራው ከዚያ ፎቶ ነው። በረኛው ብቻ እንዲታይ አታሚዎቹ ከኋላው ያለውን ሁሉ ነጭ ቀለም ቀቡበት። የካርዱ ምንጭ ለመሆኑ ምስክሩ ያ ቀለም ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ እንኳ ውሃ አያስነካውም።»

«ከቀለሙ ሥር ምን ነበር?»

«ማን አይቶት? ሌላ ቅጂ የለውም።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ጊላን ከወዲሁ የአጎቱ ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ፀጉሩን እንጂ ጭንቅላቱን ተንከባክቦ አያውቅም። «ምን ታደርቁናላችሁ? ያጠበችው ይቺ መሃይም ናት። ደግሞስ በረኛ ቆሞ ከኋላው ሴትዮ ልብስ የምታሰጣበት ፎቶ ምኑ ይከበራል?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ማለት ይሄ ነው። ዱቤ ፖስታውን ቀስ ብላ ከፈተች። ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል፤ ከበረኛው ኋላ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣለች።

«ይቺ ሴት ከ1911 ጀምሮ ተሸፍና ኖራለች» አለች ዱቤ። «ፎቶውን ደግሞ ሽማግሌው ከሞተ ወዲህ እኔና ፖሊሱ ብቻ ነን ያየነው። ስለዚህ አንተ ያየሃት ራስህ ፎቶውን ስታጥበው ነው። ወይዘሮ ሮዝ-ኤሜ ውሃ እንደሚያበላሸው ያውቃሉ፤ ፕሩም ያውቃል። ከሦስታችሁ የማያውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

የጊላን ፊት አመድ መሰለ። «ነጩ ቀለም ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ለፕሩ ልሸጠው... አጎቴ ከቅዳሴ ቶሎ ተመለሰ። አንገቴን ሲያንቀኝ ገፋ አደረግኩት።»

«ታጥቦማ በነፃም አልወስደውም» አለ ፕሩ። አዘኔታው ይኸው ነበር።

ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ጊላንን ይዞት ወጣ። ሮዝ-ኤሜ ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ ልብስ የምታሰጣዋን ሴት አየቻት።

«ሠላሳ ዓመት አቧራዋን ስጠርግ እዚህ መኖሯን አላወቅኩም» አለች። «እመቤቴ፣ ለማንም የማይረባ ከሆነ ለእኔ ይሰጠኝ?»

«ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ።»

«እጠብቃለሁ» አለችና ሽርጧን ፈታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።