ክላክሱን ሁሉም ሰምቷል

ሽማግሌው አናጺ በገዛ ግቢያቸው፣ በጣውላ ክምርና በጭነት መኪና መካከል ተጣብቀው ሞቱ። ነገሩ እንደ ተራ አደጋ እንዳይታለፍ ያደረገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን አልተነሡም? መኪናው ወደ ኋላ የገባው እያዘገመ ነበር። ሾፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ አስጩኋል፤ ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት መጣች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ጆሮ» ይሏታል። አንድ ነገር ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ተጠያቂው ዝምታው ሲከብደው ሊናገር ያላሰበውን ይዘረግፋል። እሷ ግን ይህን እንደ ችሎታ አትቆጥረውም። ጠይቆ መልስ መጠበቅ ደግሞ ምኑ ነው ሙያ?

የሟች ልጅ ዓይኗ አብጦ ተቀበለቻት። ከባሏ ጋር እዚያው ግቢ ነው የምትኖረው።

«አባዬ ሆን ብሎ ነው ያልተነሣው» አለች ገና ቁጭ ሳይሉ። «የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

መርማሪዋ ዝም አለች።

«ከስተሃል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እለዋለሁ፤ ‹እሺ የኔ ልጅ› ይለኛል፣ ግን ንቅንቅ አይልም። ምሳህ ቀርቧል ስለው፣ እሺ። ፀሐይ ላይ አትቀመጥ፣ እሺ። ትናንት ጠዋት አንገፈገፈኝና ‹ከእንግዲህ አላናግርህም› ብዬው ወጣሁ።»

«ምን አለሽ?»

«እሺ የኔ ልጅ።»

እንባዋ እስኪቆም ጠበቀቻት። «እንቢ ያሉት ነገር የለም?»

«ግቢውን መሸጥ። ባለቤቴ ለምኖ ለምኖ አቃተው። እዚያ ላይ ብቻ እንቢ እንዳለ ሞተ። ለነገሩ ሁለቱ በደንብ ያወሩ ነበር። ባለቤቴ አክባሪ ነው፤ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነው የሚያናግረው። ሳያቸው እቀና ነበር። እኔ ከጓዳ ሆኜ ስጮህ ነው የምውለው።»

ከዚያ መርማሪዋ ወደ ሥራ ቤቱ አለፈች። የሟች የረጅም ዘመን ባልደረባ፣ ቀቢው፣ አንድ ቁምሳጥን ቫርኒሽ እየቀባ ነበር። ሐዘኑን በምን እንደሚያስታግስ ቢቸግረው ነው መቼም።

«ድሮ መሰንጠቂያ ማሽኑን ከደጅ ሰምቶ ‹ምላጩ ደንዟል› የሚል ሰው ነበር» አላት። «አሁን አሁን መዳፉን አሳርፎበት ነው የሚያውቀው። እርጅና ነው።»

ማሽኑን እንዲያስነሣላት ለመነችው። ሲነሣ ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል፤ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ያዘች።

«ኩሽኔታው አልቆ ነው» አለ ቀቢው አጥፍቶት። «ይቀየር ብለው እሺ ይላል፣ አይቀይረውም። እኔማ ጥጥ እወትፋለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«እሱ ምንም አይመስለው። ጠንካራ ሰው ነበር።»

መርማሪዋ ሽማግሌው ይሠሩበት ከነበረው ቦታ ቆመች። ከፊቷ፣ ግድግዳው ላይ፣ መላጫ መስታወት በምስማር ተመትቷል። ቀና ብላ ስታየው የራሷን ፊት አላገኘችም። የሚታየው ከኋላዋ ያለው በር ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቁዎት ምን ነበር?»

ቀቢው ብሩሹን ይዞ ብዙ አሰበ። «እኔን? እንጃ። እኔም ጠይቄው አላውቅ።»

ሾፌሩን ጣቢያ ሄዳ አገኘችው፤ እህል አልቀምስ ብሏል።

«ከኋላ ሆኖ ያስገባኝ አማቻቸው ነው» አለ። «‹አባባ ይነሡ› እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ከዚያ ‹ና፣ ና› አለኝ። ተነሥተዋል ብዬ ገባሁ።»

«የት ነበር የቆመው?»

«አጠገባቸው። እጁን ቢዘረጋ ይነካቸው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ልጅቷን፣ ባሏን፣ ቀቢውን፣ ከጣቢያ ያመጣችውን ሾፌር። ድምፅዋን ሳታነሣ ጀመረች።

«ሟች ራሳቸውን አልገደሉም። መስማት አቁመው ነበር። ማሽኑን በመዳፋቸው ያዳምጡታል፤ የበሩን ኮቴ በመስታወት ያያሉ። ላልሰሙት ነገር ሁሉ እሺ ይላሉ። አንቺም አላናግርህም ስትያቸው አልሰሙሽም።»

ልጅቷ መጀመሪያ ተነፈሰች። ቀጥሎ ያልተሰማችው ትናንት ጠዋት ብቻ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ ፊቷ ጠቆረ።

መርማሪዋ ወደ ባል ዞረች። «እዚህ ቤት እንቢ የተባለ አንድ ሰው ብቻ ነው። እንቢ ለማለት ደግሞ የተባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ትከሻቸውን ነክተህ፣ ከንፈርህን አሳይተህ ነው የምታናግራቸው። ትናንት ግን አጠገባቸው ቆመህ ከጀርባቸው ጮኽክ። ጩኸቱ ለእኛ ነበር።»

«አለመስማታቸውን በምን አውቃለሁ?» አለ ባል ረጋ ብሎ። «አማቴን ፊት ለፊት ማናገር ወንጀል ነው? ጮኼ አስጠንቅቄያለሁ፤ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

መርማሪዋ ዝም አለች። ይህኛው ዝምታ የሥራ አልነበረም፤ የምትለው ጠፍቷት ነው። አለቃዋም ከመምጣቷ በፊት ‹ማወቁን ማስረዳት ካልቻልሽ መዝገቡ ይዘጋል› ብሏት ነበር።

ያን ጊዜ ልጅቷ በርጩማ ስባ ባሏ ፊት ተቀመጠች። ትከሻውን ነካችው።

«አባዬ ፊት ስትቀመጥ ስለ ምን ያወራልህ ነበር?»

ባል ወደ በሩ አየ። እሷ ጠበቀች። ስትጮህ እንጂ ስትጠብቅ አይቷት የማያውቅ ሰው ነው፤ መላ ጠፋው።

«ስለ አንቺ» አለ መጨረሻ ላይ። «‹የልጄ ድምፅ እየጠፋኝ ነው። አሁን እንዴት ነው ድምፅዋ?› ይሉኝ ነበር።»

ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ባል የተናገረውን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

መርማሪዋ የምትፈልገው ቃል፣ ባል አለመስማታቸውን ያውቅ እንደነበር፣ በሦስት ምስክር ፊት ተነግሯል፤ ከእንግዲህ መዝገቡ አይዘጋም። ግን ደስ አላላትም። ልጅቷ ከበርጩማው አልተነሣችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ልጅቷ ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ይመስል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ወዲያው ተወችው። መርማሪዋ ልታጽናናት ፈልጋ አጠገቧ ቆመች፣ የሚጠየቅ ነገር ግን አላገኘችም።