ባዶ እጇን የገባችው ፖሊስ

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ዮኤል የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። አልናብሩ ሰፈር ባለው መጋዘን ከንጋት ጀምሮ ካርቶን ሲያነሳ ውሎ ገና መግባቱ ነው። ውሃ ሊጠጣ ወደ ወጥ ቤት ሲያልፍ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን የእህቱን ላፕቶፕ አየ። ሄርሜላ ልትከድነው እጇን ብትዘረጋም ቀድሟት ነበር።

«እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ሥራ ነው» አለች።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «‹ፖሊሶች መሣሪያቸውን ሁልጊዜና በግልጽ እንዲታጠቁ የሚፈቅደውን ሕግ እንድትደግፉ እጠይቃለሁ።›» ቀና አለ። «ሴሪዮስት፣ የምርሽን ነው ሄርሚ?»

ሄርሜላ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። አስተማሪያቸው ማሪት ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲለወጥ ስለሚፈልጉት ነገር ለሕግ አውጪዎች ደብዳቤ እንዲጽፉ አዝዛ ነበር። ክፍሉ ድምፅ ሰጥቶ የመረጠው ደብዳቤ ዓርብ ዕለት ስቶርቲንግ፣ ማለትም ፓርላማው ድረስ ሄደው ለአንዲት ተወካይ ይነበባል። የተመረጠው የሄርሜላ ነው።

«የማሚን ነገር ነው የጻፍኩት» አለችው።

«እሱንማ እያየሁ ነው» አለ ዮኤል።

ነገሩ የሆነው በየካቲት ነው። እናታቸው ዓለምጸሐይ ለኮሙኑ፣ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ትሠራለች፤ ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንን እየዞረች ትረዳለች። የዚያን ቀን የአንድ አዛውንት መድኃኒት ልትወስድ መድኃኒት ቤት ስትገባ ሄርሜላ ፌስታል ይዛ በር ላይ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች እየተጋፉ ወጡ። አንድ ሰው ቢላዋ መዝዟል አሉ። ሄርሜላ የወጪዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። እናቷ የለችም።

ፖሊስ ለመድረስ አልዘገየም። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ከመኪናቸው ዘለው ወረዱ። መሣሪያቸው ግን በደንቡ መሠረት መኪናው ውስጥ በሳጥን ተቆልፎ ነበር። ወንዱ በሬዲዮ ፈቃድ እየጠየቀ የሳጥኑን ቁልፍ ሲያወጣ፣ ከውስጥ መስታወት ተሰበረና አንዲት ሴት ጮኸች። ሄርሜላ ድምፁን አወቀችው። ፖሊሷ ሳጥኑን አየች፤ በሩን አየች፤ ከዚያ ቆመጧን ብቻ ይዛ ገባች።

ሰውየው ተያዘ፤ ዓለምጸሐይ ምንም አልሆነችም። የፖሊሷ ክንድ ግን ከክርኗ እስከ መዳፏ ተቀዶ ነበር። ዓለምጸሐይ ሻርፗን አውልቃ ቁስሉን አሰረችና አምቡላንስ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ተጭና ያዘችላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በስልክ ይጻጻፋሉ። የፖሊሷ ሁለት ጣቶች እስካሁን አልታዘዝ ብለዋታል።

ሄርሜላ አሳምራ የጻፈችው ይህንን የሻርፑን ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ስታነበው ሁለት ልጆች አልቅሰዋል።

ዮኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያቺ ሴትዮ ጀግና ናት። ባገኛት እጇን እስማለሁ። እኔን የሚያስቆመኝ ግን እሷ አይደለችም።»

«ማነው የሚያስቆምህ?»

«ሌሎች ፖሊሶች፣ ሊንደበርግ ባቡር ጣቢያ ላይ። ባለፈው ሳምንትም፣ ከገና በፊትም፣ ከዚያ በፊትም። ከሥራ ስመለስ። ቦርሳህን ክፈት፣ ኪስህን አራግፍ። ለምን ስላቸው መልስ የለም። የፎቃችን ሰዎች በአጠገቤ እያለፉ ያዩኛል።»

«አልነገርከንም እኮ።»

«ለማሚ ልንገራት? እንቅልፍ እንድታጣ?» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «መታወቂያህን ሲሉኝ ኪሴ መግባት አለብኝ። አሁን ወገባቸው ላይ ምንም የለም፤ እንዲያም ሆኖ ቀስ ብዬ ነው የማወጣው። ሽጉጥ ሲኖር እጄን የት ላድርገው?»

ሄርሜላ የተዘረጉትን እጆቹን አየች። ግን ደግሞ ያንን የመድኃኒት ቤት በር አልረሳችውም። «ታዲያ የሚቀጥለዋም ባዶ እጇን ትግባ?»

ዮኤል ተነሳ። ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ ደፋውና ወደ ክፍሉ ገባ።

እናታቸው ስትመጣ ሄርሜላ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቀቻትም። «ማሚ፣ ፖሊሶች መሣሪያ ታጥቀው ይዙሩ ቢባል ምን ትያለሽ?»

ዓለምጸሐይ አንድ ጫማ በእጇ እንደያዘች አሰበች። «እኔ መሣሪያ አልወድም። አባቴ ቤት ጠመንጃ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት፤ ከሥሩ ማለፍ እፈራ ነበር።» ጫማውን አስቀመጠች። «ያቺ ፖሊስ ግን እናት አላት። እናቷ ልጄን በምን ላካችኋት ብትል ምን ይመልሱላታል? መጀመሪያ ልታጠቅ ብላ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እኔ የለሁም። አስቀድማ ታጥቃ ቢሆን ደግሞ ክንዷ አይቆስልም ነበር። እኔ የገባኝ ይኼው ነው።»

ሄርሜላ ስለ ዮኤል ልትነግራት ፈለገች። ምስጢሩ የሷ ስላልሆነ ተወችው።

በማግስቱ ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ በሩን አንኳኩታ ገባች። «ያንተን ደብዳቤው ውስጥ ላስገባው? ስምህን አልጠራም።»

«ከዚያ የሽጉጡን ጥያቄ ታወጪዋለሽ?»

«አይ። እሱ ይቆያል። አምኜበት ነው የጻፍኩት።»

ዮኤል አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ትታው ልትወጣ ስትል፣ «ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?» አላት።

እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ እሱ ያስተካክላል። ‹ወንድሜ ይፈራል› የሚለውን አስጠፋት። «እሱን አትጻፊ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚሄደው በይ። በብርድም ቢሆን።» ሄርሜላ ጣቶቿን ከኪቦርዱ አንስታ አየችው። ክረምቱን ሙሉ ጓንት ግዛ እያለች ስትጨቀጭቀው ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ መንገድ ላይ እንዲቆም የተደረገ ሰው ሁሉ ለምን እንደቆመ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠው የሚል።

ሐሙስ ዕለት ማሪት አዲሱን ደብዳቤ አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ከአንድ ገጽ አልፏል፤ ተወካይዋ የሰጠችን ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ነገር የሚጠይቅ ደብዳቤ አንዱንም የማያገኝበት ጊዜ አለ። የወንድምሽ ታሪክ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል።»

«ሌላ ዓርብ አለን?»

ማሪት ፈገግ አለች። «የለንም።»

ሄርሜላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደችና ላፕቶፗን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበበችው። ፖሊሷ ባዶ እጇን የገባችበት መውጣት አይችልም፤ ጥያቄው ራሱ እሱ ነው። የዮኤልም መውጣት አይችልም። የቀረው የሻርፑ አንቀጽ ነው፤ ሁለት ቀን የለፋችበት፣ ልጆቹ ያለቀሱበት። አንቀጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል መረጠችውና የማጥፊያውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት አንድ ጊዜ በለሆሳስ አነበበችው። ከዚያ አጠፋችው።

«ምርጡን ነው እኮ ያወጣሽው» አለች ማሪት ስታየው።

«አውቃለሁ» አለች ሄርሜላ።

ዓርብ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ በቲ-ባነ፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ መሃል ከተማ ወረደ። ስቶርቲንግ ውስጥ በፍተሻ አልፈው፣ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ገቡ። ተወካይዋ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት፤ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። ሄርሜላ ወረቀቷን ይዛ ተነሳች። ጸና ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። ቁልፍ ሲፈለግ ያለፉትን ደቂቃዎች አነበበች። ‹ይህቺ ፖሊስ እናቴን ለማዳን የራሷን ክንድ ሰጠች፤ መክፈል አልነበረባትም። መሣሪያዋ በሳጥን ሳይሆን በወገቧ ላይ እንዲሆን ሕጉን ደግፉ› የሚለውን አነበበች። ቀጥሎ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ስለሚሄደው ወንድሟ አነበበች። ከኋላ ያሉት ልጆች ወንበር ማንቋቋታቸውን ተዉ። በዚህኛው ማንም አላለቀሰም።

ተወካይዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ቤት ሁለት ነገር ጠይቀሽ አንዱን ብቻ ይዘሽ የምትወጪበት ጊዜ ይበዛል። የመጀመሪያውን ብቻ ብታገኚ ትቀበያለሽ?»

ማሪት ወደ ሄርሜላ አየች፤ ልታግዛት አልቻለችም። ሄርሜላ መልሱን የምታውቀው መስሏት ነበር። ዮኤል ጠረጴዛ ላይ የዘረጋቸው እጆቹ ታዩዋት። እናቷ «እኔ የለሁም» ያለችበት አባባልም በጆሮዋ አለ።

«ጃ» አለች በመጨረሻ። «እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ግን እመለሳለሁ።»

«በምን ስም ልጠብቅሽ?»

ሄርሜላ ሙሉ ስሟን ነገረቻት። ተወካይዋ ደብተሯ ላይ ጻፈችውና ፊደሉ ልክ መሆኑን እንድታይ አዙራ አሳየቻት።

ውጪ ደረጃው ላይ ፀሐይ ነበር። ልጆቹ በቡድን በቡድን ፎቶ ይነሳሉ። የክፍል ጓደኛዋ ኤማ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። «ወንድምሽ ይኮራብሻል። የሱን እንዴት ዝም ብለው እንደሰሙ ንገሪው።»

ስልኳ ላይ የዮኤል መልእክት ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ከሥራ እረፍት ላይ ነው የላከው። «እንዴት ነበር?»

«ያንተን አነበብኩት። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማ» ብላ ጻፈች። እውነት ነው። እዚህ ላይ ብታቆም ምንም ውሸት የለበትም። ዮኤል ደስ ብሎት ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ ተወካይዋ የጠየቀቻትን ጥያቄም ማንም አይነግረውም።

አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሰችና ጨመረችበት።

«የመጀመሪያውን ብቻ ብታገኚ ትቀበያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ጃ አልኳት። ልትናደድብኝ ትችላለህ። ከሥራ ስትወጣ ጣቢያው ላይ እጠብቅሃለሁ።»

ላከችው። ልጆቹ ወደ ባቡሩ መውረድ ጀምረው ነበር። ሄርሜላ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ተከተለቻቸው።