የጊፋታ ዕለት ፊርማ

አሮንን ገና ባየሁት ደቂቃ ጮህኩበት።

«ኧረ አትነቅንቀው! የዱቄት ወተት መሰለህ እንዴ?»

ደም ያለበትን የፕላስቲክ ቲዩብ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከቤሌ በአውቶቡስ ያመጣውን በበረዶ የተሞላ ሣጥን ታቅፎ፣ ሶዶ ካለው ላቦራቶሪያችን ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጫማው አቧራ፣ ፀጉሩ አቧራ። ዓይኑ ግን... ተዉት! ልቤ ያን ቀን ምን እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው።

«ይቅርታ፣ እህቴ። አሮን እባላለሁ፤ የማስተርስ ተማሪ ነኝ።»

«እየሩስ። የፍሪዘሩ ኃላፊ።»

ጊዜው የ2008 ክረምት ነበር። አሮን የሚያጠናው ሴሎች ወደ ደም የሚለቋቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። በዓይን አይታዩም፤ ከሴል ወደ ሴል መልእክት ያደርሳሉ። እሱም ያንን መልእክት አንብቦ የእግር እብጠትን ገና ሳይብስ ለማወቅ ነበር ሐሳቡ። እናቱ በዚሁ በሽታ ገበያ መውጣት ካቆሙ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

«ሠላሳ ሰው ነው ደም የሰጠኝ» አለኝ። «ከሰው ተደብቀው የሚኖሩ ናቸው። የእናቴ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ነው ያመኑኝ። ሁለተኛ ስጡኝ ብዬ ፊታቸው መቆም አልችልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው የኔም ሆነ። «ከደሙ የለየኸውን ፈሳሽ በአንድ ዕቃ አታስቀምጥ፤ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ከረጢቶቹ ይጎዳሉ» እያልኩ ነዘነዝኩት። እየተነጫነጨ ከፋፈለው። ከግማሹ ከረጢቶቹን ለይቶ በአዳዲስ ቲዩቦች ፍሪዘር ውስጥ አስገባ፤ ግማሹንም ሳንነካ እዚያው አስቀመጥነው። ሻይ አብረን መጠጣት ጀመርን። ቀስ በቀስም «እህቴ» ማለቱን ተወ።

ኅዳር ላይ ግን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። መቁጠሪያ ማሽኑ ያለው እዚያ ነው። ከረጢቶቹ ነሐሴ ላይ ሲቆጠሩ እልፍ ነበሩ። ሦስት ወር እኛ ፍሪዘር ውስጥ ቆይተው ዳግም ሲቆጠሩ ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ አልተገኙም።

አሮን ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

«መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን አላስነሳሽም!»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው! የእነዚያን ሰዎች አደራ በላሽ!»

የምመልስለት ነበረኝ። የፍሪዘሩን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ ፈቃድ ሞልቼ ቦዲቲ እናቴ ጋ ገባሁ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። የወደድኩት ሰው ነው አደራ በላ ያለኝ!

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። አሮን መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወረደ።

«ሳሮ፣ ግባ ልጄ» ብላ እናቴ ፈጥና በወላይትኛ ሰላም አለችው። ማን እንደሆነ ገብቷታል።

ቁጭ በል ብትለውም አልተቀመጠም። መዝገቡን ገልጦ አነበበ።

«የጊፋታ ዕለት። ከቀኑ ሰባት ተኩል መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሳ። እየሩስ።» ቀና አለ። «ወላይታ ሁሉ ሥጋ ከቦ ዓመቱን በሚቀበልበት ቀን! እኔ ራሴ ቤሌ ስበላ ነበር... ፍሪዘሩ አንድ ቀን እንኳ አልሞቀም። ከረጢቶቹ የት እንደገቡ አላውቅም። አንቺ እንዳላጠፋሻቸው ግን አውቄያለሁ። ይቅር በይኝ፣ እየሩስ!»

እንባዬን ለመደበቅ ወደ እናቴ ዞርኩ። አዲስ የወተት ቅል ይዛ፣ ጥቂት ወተት ጨምራበት እያዟዟረች ታለቀልቀዋለች። ከዚያ ደፋችው።

«ለምን ይደፋል፣ እማማ?» አለ አሮን።

«አዲስ ቅል ስስታም ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ እሱ ራሱ ካልጠጣ፣ ቅቤህን ጎኑ ላይ አጣብቆ ያስቀርብሃል።»

እኔና አሮን ተያየን።

«ቲዩቡ!» አልን እኩል።

ሰኞ ሶዶ ተመለስን። ከረጢቶቹ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ቀርተው ከሆነስ? አዳዲስ ቲዩቦችን አስቀድመን አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን አለቀለቅናቸው፤ ቲዩቡ ከወዲሁ ይጥገብ ብለን። ከዚያ ሳንነካ ካስቀመጥነው፣ የራሱ አልቡሚን ካለው ግማሽ ፈሳሽ ከረጢቶቹን እንደገና ለይተን በእነዚህ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ያ ሁሉ ንዝነዛዬ ለዚህ ቀን ነበር! ሦስት ወር ጠበቅን።

መጋቢት ላይ ስልኩ ሲጠራ አሮን እጄን ያዘ።

«አሉ!» ብሎ ጮኸ። «ከአሥሩ ዘጠኙ አሉ!»

ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ወደኔ ዞረ።

«ቤሌ እናቴ ጋ ትሄጃለሽ?»

«ለምን?»

«የማገባት ልጅ ይቺ ናት ብዬ ላሳያት።»

«አንተ! መጀመሪያ ስልኩን ዝጋ!»

ከአዲስ አበባ በኩል ሳቅ ተሰማ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሽማግሌ ቦዲቲ መጣ፤ ግንቦት ላይ ተጋባን። በዓመቱ ጊፋታ እናቴ ቤት ሥጋው ቀርቦ ሳለ የላቦራቶሪያችን ጥበቃ አንጁሎ ደወለ። ሶዶ መብራት ጠፍቷል። ልነሳ ስል አሮን ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

«አንቺ ብዪ። ዘንድሮ ተራው የኔ ነው።»

ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሄደ። ሲመለስ ሥጋው አልቆ ነበር፤ የሱን ድርሻ ግን እናቴ ደብቃለታለች።

ከበዓሉ በኋላ ሥራ ስገባ መዝገቡን ገለጥኩ። በተጣመመው የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«የጊፋታ ዕለት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሳ። የእየሩስ ባል።»