የጋሽ ይመር ዘበኞች

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘበኞቹ የስኳር ውኃቸውን ጠጥተው ጨርሰው ነበር። ስማቸውን ያወጡላቸው የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። በመዝገብ የሰፈረው ስማቸው ረጅም ስለሆነ የሚጠራው የለም። ከደም ሴል የማይበልጡ መሣሪያዎች ናቸው፤ በደም ሥር እየዞሩ ካንሰርን ለይተው ይበላሉ። ደሴ ውስጥ በእነሱ ያልታከመ ቤተሰብ ስለሌለ፣ ሰው የጉንፋንን ያህል እንኳ አያወራላቸውም።

አሠልጣኛቸው ሐያት እንድሪስ ግን ቁርስ አልወረደላትም።

ታካሚዋ ጋሽ ይመር ናቸው፤ በድሮው ደሴ ግማሹን የሱቅ ታፔላ በእጃቸው የሳሉ ሽማግሌ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ግራ ዓይናቸው ላይ ሜላኖማ፣ ማለትም ከቀለም ሰጪ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር፣ ወጥቶባቸው ዓይናቸው ተነቀለ። ተገላገልን ብለው ነበር። ለካ በሽታው ቀድሞ ጉበታቸው ገብቶ አድፍጦ ኖሯል፤ ዘንድሮ ብቅ አለ። ባለፈው ሰኞ ዘበኞች ተላኩባቸው። ዘበኞቹም ጉበት ደረሱ፣ እብጠቶቹን አገኙ፣ ዙሪያቸውን ከበቡ፣ ከዚያም ቆመው ይጠብቁላቸው ጀመር። ሌባውን አግኝቶ በሩ ላይ የሚያድርለት ዘበኛ ይታያችሁ! «ሁሉ ሰላም» የሚል መልእክትም ልከው ሟሙ።

ጥፋቱ የሐያት የራሷ ነበር። ጀማሪ ሳለች የመጀመሪያዎቹ ዘበኞች የአንዲት ሴት ጤነኛ ዓይን ገብተው አጥፍተውባታል። ያን ቀን እያለቀሰች፣ ዓይን የሚመስለውን እንዳትነኩ የሚል ሕግ ጻፈችላቸው። የጋሽ ይመር ካንሰር ደግሞ ጉበት ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ የዓይን ምልክቱን አልጣለም። ከደሴ ወጥቶ ሌላ አገር እንደከረመ ሰው፣ አነጋገሩ ያስታውቅበታል።

ሕጉን ብታነሣው ዘበኞቹ ጉበቱን ያጸዱታል፤ የጋሽ ይመርን ቀኝ ዓይንም አብረው ይወስዱታል። ሐያት ይህን ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ለእሳቸው ዓይን እንጀራቸውም ዕድሜያቸውም ነበር።

«ሳላይ ከምኖር አይቼ ብሞትስ?» አሉ።

«አብሽሩ ጋሼ፤ አንድ መንገድ አለ፤» አለች ሐያት። «ጉበት ውስጥ ያለው ዓይን ይመስላል እንጂ አያይም። ልብ ብሎ የሚያይ ዓይን ነርቩ ላይ ምት አለው፤ ዘበኞቹም ምቱን መስማት ይችላሉ። ሕጉን ለወጥኩት፤ የሚያየውን ብቻ አትንኩ አልኳቸው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ይዩ። ለስድስት ሰዓት። መርገብገቡ ችግር የለውም፤ እንቅልፍ ከወሰደዎት ወይም ፈዘው ከቀሩ ግን ዓይንዎ ይሄዳል። አንዴ ከተለቀቁ ደግሞ መመለሻ የላቸውም፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይሟሟሉ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ ነው የኖርኩት፤» አሉ ጋሽ ይመር። «ልቀቂያቸው።»

ሐያት ለቀቀቻቸው፤ ራሷም ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ ምቱን መከታተል ጀመረች። ሆስፒታሉ ምስል የሚያሳይ ሰፊ ሰሌዳ አዘጋጅቶ ነበር። ባሕር አሳየ፣ ጫካ አሳየ፣ የጨረቃ ከተሞችን አሳየ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መልካም ሆነ። ከዚያ ምቱ ዝቅ እያለ መጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አልከደኑም፤ ግን ማየቱን ትተው ነበር። ጥቂት ዘበኞች ወደ ዓይን ለማለፍ ወደ አንገት መውጣት ሲጀምሩ ሐያት ከወንበሯ ተነሣች። ወደ በሩ ሮጠች።

የጋሽ ይመር ልጅ ሩቅያ ከሰፈር ሰዎች ጋር ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕክምና ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም ብሎ ሆስፒታሉ ከልክሏቸዋል። እነሱ ደግሞ የታመመ ሳይጠይቁ መመለስ ነውር ነው ብለው ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈዋል።

«ሩቅያ፣ አባትሽ የሳሏቸው ታፔላዎች የት ይገኛሉ?»

«ያልተጣለ ካለ በየቤቱ ነው። ምነው?»

«አምጡልኝ። አሁኑኑ። እስከዚያ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ።»

ሰዓት ሳይሞላ ታፔላው ከሸዋበር ሰፈርም ከሆጤም መምጣት ጀመረ። አንዱ የዶሮ ቤት በር ሆኖ ኖሯል፣ አንዱ የአልጋ ርብራብ። ዛሬ የደሴ ሱቆች ታፔላ ብርሃን ነው፤ በፊቱ የሚያልፈውን ሰው አይቶ ራሱን ይቀያይራል፤ ሁለት ሰው አንድ ታፔላ አያነብም። እነዚህ ግን ለሁሉም አንድ ናቸው፤ ባለ አንድ መነጽር ሐኪም፣ ከጠርሙሱ የምትበልጥ ብርቱካን፣ የሰው ጥርስ ያለው አንበሳ።

«ይቺን አንበሳ የሳለ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ይመር ቱግ ብለው።

«እርስዎ ነዎት!» አለ አንበሳውን ተሸክሞ የመጣው ጎረምሳ የሥጋ ቤት ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ምቱ ሽቅብ ወጣ። አንገት ደርሰው የነበሩት ዘበኞች ፊታቸውን ወደ ጉበት መለሱ።

ሐያት ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያ ደሴ ናፈቃት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ፊደል የለየችው በእነዚህ ታፔላዎች ነው፤ ከደብተሯ ይልቅ እነሱን ታምን ነበር።

ዘበኞቹ ከተለቀቁ በአምስተኛው ሰዓት ታፔላው አለቀ። ሽማግሌውም ደከሙ። እብጠቶቹ ሊያልቁ አንድ ቀርቷል፤ ምቱ ግን እየወረደ ነው። ሐያት የምታደርገው ስታጣ መስታወቱን ትታ ገባች።

«ጋሼ፣ ይበርቱ። ጥቂት ነው የቀረን።»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ መሣሪያውን ትጠይቂያለሽ። እኔን መቼ ነው የምትጠይቂኝ?»

ሐያት አፈረች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የእንድሪስ። መናፈሻ በር ላይ ፀጉር ቤት የነበረው።»

«የእንድሪስ!» ሽማግሌው ከትራሳቸው ተነሡ። «ወሬውን ሳይጨርስ ጢም የማይጨርሰው! አገጭሽ የሱ አይደለም እንዴ? ቀረብ በይ እስቲ፣ ልይሽ።»

አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ላይ እሱን ፈልጎ ያገኘ ሰው አልነበረም። ሐያት አለቀሰች፤ ሽማግሌው እያዩዋት የአባቷን ቀልድ አንድ በአንድ ነገሯት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘበኞቹ ሟሙ። ጉበቱ ንጹሕ ነበር፤ ዓይኑም ድኖ ነበር።

በማግስቱ የምቱን መዝገብ ስትመረምር አንድ ነገር አስተዋለች። ታፔላው ምቱን ከፍ ያደረገው ለአፍታ ብቻ ነው። ረጅሙን ከፍታ የያዘው ታፔላውን ተሸክሞ የገባው ሰው ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ እሷ የተቀመጠችበት ሰዓት።

ሕክምናው ለሌሎች ሆስፒታሎች እንዲዳረስ ሰነድ አዘጋጀች። «አስፈላጊ ዕቃዎች» በሚለው ሥር ዘበኛ፣ የስኳር ውኃ፣ የምት መቅጃ ብላ ጻፈች። ቀጥላም ጎረቤት ብላ ጨመረች።

ከግዢ ክፍል ደብዳቤ መጣ፦ «የጎረቤት ዓይነት፣ ብዛትና የጥራት ደረጃ ተገልጾ ይላክልን።»

ሐያት ሳቀች። ማታ ቤቷ ሆና መልስ ልትጽፍ ተቀመጠች። ታካሚውን በስሙ የሚያውቅ፣ ብላ ጀመረችና ጣቷ ቆመ። በዚህ ፎቅ ስትኖር ስድስት ዓመቷ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያስላል፤ ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አታውቅም። እሷ ታማ ሆስፒታል ብትገባ ለስድስት ሰዓት ማንን ታያለች?

ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የፈራ ድምፅ።

«ጎረቤት ነኝ፤» አለች። «ሲያስልዎት ሰምቼ ልጠይቅዎት ነው።»