ፓምፕ ቤቱ በቀትር

«በዚህ በአዋሽ ዳር እኔ የማላውቀው ድንጋይ፣ እኔን የማያውቅ ዝንጀሮ የለም» አለች ብርቄ፣ መጥረጊያዋን ከበሩ ኋላ ሸጉጣ፣ ተረከዙ የተቀደደ ኮንጎ ጫማዋን እንደተጫማች እንግዶቹን ስትቀበል። ብዙም አልዋሸችም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ከተወች ወዲህ፣ ሰዉ ቡፌ እያለ የሚጠራውን የባቡር ጣቢያውን አሮጌ ማረፊያ ከአክስቷ ከእትዬ ጌጤ ጋር ስትጠርግ ነው የኖረችው። ፈረንሳዮቹ አገር ሳይገዙ ቤት ብቻ ሠርተው እንዴት እንደሄዱ፣ የጣቢያው ሰዓት ለምን እንደቆመ፣ የትኛው መሐንዲስ በየትኛው አልጋ ላይ በወባ እንደሞተ፣ የማታውቀውን ከራሷ እየጨመረች ትተርካለች። ዛሬ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ከተመለሱ፣ ከነገ ጀምሮ መጥረጊያው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እሷ አስጎብኚ እንደምትሆን ሥራ አስኪያጁ ነግሯታል።

እንግዶቹ ከድሬዳዋ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ጋሽ ለገሰ አባታቸው ባቡር ነጂ ስለነበሩ፣ ባቡሩ በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ከወንዙ ውሃ ይስብለት የነበረውን ፓምፕ ቤት ማየት ይፈልጋሉ። ፓምፕ ቤቱ ያለው ገደሉ ሥር ነው።

እትዬ ጌጤ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «በቀትር እንዳታወርጃቸው» አሏት። «ከወረድሽም፣ ስምሽ ሲጠራ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ሁለተኛ ይጠራሻል። ያ ግን የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው።»

«እኔን ጠርቶ ምን ሊያተርፍ፣ እትዬ? ምላሴን ሲሰማ ራሱ ይሸሻል።»

«እኔም የምፈራው ምላስሽን ነው።»

ጋሽ ለገሰ ድልድዩ ላይ ፎቶ ሲያነሱ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ሶፊያ አዞ ካላየሁ ሲሉ፣ ቁልቁል መውረድ የጀመሩት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይሰማ ነበር፤ ቡናማው ውሃ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላጋ ሲያጉረመርም፣ ዝንጀሮዎቹ ከማዶ ሲሰዳደቡ፣ ግራሩ ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ፣ ብርቄም ከሁሉም በላይ ስታወራ። ከዚያ ወፎቹ ተዉ። ቀጥሎ ዝንጀሮዎቹ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊታቸውን ወደ ቋጥኙ አዙረው ቁጭ አሉ። አንድም አላያትም። ከታች የሚመጣው አየር ጥላሸት ጥላሸት ይሸታል፤ ያረጀ ሳይሆን አሁን የወጣ፣ እርጥብና ትኩስ፣ ምላስ ላይ እንደ ብረት የሚቀር ጥላሸት። የእንፋሎቱ ባቡር የቀረው እናቷ ሳትወለድ ነው።

ጋሽ ለገሰ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ቅደሚና እባብ እንዳይኖር እዪልን።»

ፓምፕ ቤቱ ጣሪያው የጎበጠ የጥቁር ድንጋይ ክፍል ነው። ውጭው ምጣድ ሆኖ ሳለ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል፤ ብርሃኑ ደፉን አልፎ መግባት የፈራ ይመስል በሩ ላይ ተቆርጧል፤ ከወዲያኛው ግድግዳ ደግሞ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ዝገት የበላው ቧንቧ አፉን ወደ እሷ ከፍቷል። ከቧንቧው ውስጥ አንድ ሰው ያንሾካሹካል። ጠጋ አለች።

«በዚህ በአዋሽ ዳር... እኔ የማላውቀው... እኔን የማላውቀው... እኔ የማላውቀው ድንጋይ...»

ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ ያርማል፤ ለፈተና ቃል በቃል የሚያጠና ልጅ ይመስላል። በመጨረሻ ሳይሳሳት ጨረሰው። ድምፁ የእሷ ነበር።

ከዚያ፣ ልክ በእትዬ ጌጤ ድምፅ፣ «ብርቄ» አለ።

«አቤት» አለች።

አስባ አልነበረም። ተጠርታ ዝም ማለትን ማንም አላስተማራትም፤ አቤት ከምራቋ ጋር የሚኖር ቃል ነው። እጇን ቧንቧው ላይ ጭና ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀች። አልመጣም።

ስትወጣ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። አሸዋው ላይ ሽቅብ የሚወጣ ዱካ አለ፤ የጋሽ ለገሰ የቆዳ ጫማ፣ የወይዘሮ ሶፊያ ሸበጥ፣ ከፊት ከፊታቸው ደግሞ ተረከዙ የተቀደደ ኮንጎ ጫማ። ብርቄ ወደ እግሯ አየች። ባዶ ነበር።

ገደሉን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ቡፌው ስትደርስ ፀሐይዋ አሁንም አናት ላይ ናት፤ እንግዶቹ ግን በረንዳው ላይ ምሳቸውን በልተው ጨርሰዋል፣ ሥራ አስኪያጁም አብሯቸው ይስቃል። ጀርባዋን የሰጠች አንዲት ልጅ መሐላቸው ቆማ፣ ፈረንሳዮቹ አገር ሳይገዙ ቤት ብቻ ሠርተው እንዴት እንደሄዱ ትተርካለች። አተራረኳ የብርቄ ነው፤ እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም።

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ» አላት ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን።

ብርቄ በጓሮ ዞራ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ሮጠች። እትዬ ጌጤ ካወቋት ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

«እትዬ ጌጤ።»

ቢላዋው ቆመ። መልስ የለም። በፍርሃቷ መሐል ፈገግ አለች፤ ሕጉን ታውቃለችና።

«እትዬ ጌጤ» ስትል ደገመች።

አክስቷ መጡ። መስኮቱ ደፍ ላይ ያረፉትን፣ እስከ ክርን ድረስ ጥላሸት የለበሱትን እጆች ረጋ ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ መዝጊያውን ወደ ራሳቸው መሳብ ጀመሩ።

«ሁለቴ መጥራትም ለመድሽ?» አሉ። «ወደ ቧንቧሽ ተመለሺ፤ የኛዋ ገብታለች።»