የዳነው መስተዋት

"ሌባ! ይቻትና! እጅ ከፍንጅ!"

ሽማግሌው ፒጃማቸውን እንደለበሱ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ወረቀት ላይ ጣታቸውን ደቅነው ይጮኻሉ። ከኋላቸው ትንሿ የጌጥ ሣጥን አልጋው ላይ ተከፍታለች። ባዶ ናት። የሟች ሚስታቸው የወርቅ ሐብል የለም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆም አለች። የያዘችውን ስለማትለቅ ባልደረቦቿ "ጉንዳን" ነው የሚሏት። በአፍ የሚከስ፣ በማመልከቻ የሚከስ፣ በለቅሶ የሚከስ አይታለች። በኮሚክ፣ ንግግር በተጻፈበት ሥዕል፣ የሚከስ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ከፎቶ የተሠራ ሥዕል ነው። አስታማሚዋ ከቁም ሣጥኑ መስተዋት ፊት ቆማ ሐብሉን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች። ከአፏ በወጣች ክብ ውስጥ "ማንም አያየኝም" የሚል ተጽፏል።

"ግድግዳው ሁሉ ለምን እንዲህ ሆነ?" አለች ጉንዳን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮሚክ ነበር።

"አባዬ ይረሳል" አለች ሴት ልጃቸው። "ዕድሜ ልኩን ልብስ ሰፊ ነበር፤ የማንንም ትከሻ በዓይኑ ይለካ ነበር። አሁን እኔንም ይረሳኛል። ስለዚህ በስልኬ ፎቶ አነሣና ፎቶውን ወደ ሥዕል በሚቀይር ፕሮግራም ኮሚክ እሠራለታለሁ። ጠዋት ተነሥቶ ያነበዋል። 'ይቺ ልጅህ ናት። ይቺ አስታማሚህ ናት፤ መድኃኒትህን ትሰጥሃለች። እሑድ ወንድ ልጅህ ይመጣል።' ግድግዳው ላይ ያለ ነገር ለእሱ እውነት ነው።"

"ይሄንንስ አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አይደለሁም! ዛሬ ገና ነው ያየሁት።"

አስታማሚዋ ጥግ ላይ ቆማለች። እናትየው ከታመሙ ጀምሮ ከዚህ ቤት አልወጣችም። ሽማግሌው "ልጄ" ነበር የሚሏት። አሁን ውሃ ልታቀብላቸው እጇን ስትዘረጋ ወደ ግድግዳው ተጣብቀው ሸሿት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ጉንዳን ተከትላት ኩሽና ገባች።

"ሐብሉን ይዘሽው ታውቂያለሽ?"

አስታማሚዋ ማንኪያዎቹን ማጠብ ጀመረች።

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"አዎ።"

"ስንቴ?"

"ብዙ ጊዜ።" አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቷ ነካካች። "አባባ ናቸው የሚሰጡኝ። 'ያንቺ ነው ልጄ፣ ውሰጂው' ይሉኛል። እሺ እላቸውና ፊታቸውን ሲያዞሩ ቦታው እመልሰዋለሁ። እስከ ምሳ ይረሱታል። በማግስቱ ደግሞ ይሰጡኛል።"

"ይህን ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም?"

"ማን ያምነኛል?"

እውነቱን ለመናገር ጉንዳንም አላመነቻትም። ይህች ሴት ዛሬ ጣቢያ ከገባች ብትፈታ እንኳ ማንም ቤቱን አይከፍትላትም። ይህንን ሁለቱም ያውቁታል።

"በእጅሽ እንደያዝሽው ፎቶ ያነሣሽ ሰው አለ?"

"ማንም። ሐብሉን ሲሰጡኝ ሁልጊዜ ሁለታችን ብቻ ነን።"

ወንድ ልጅየው ሳሎን ውስጥ ጃኬቱን ሳያወልቅ ይንጎራደዳል።

"ፎቶ አይዋሽም ኢንስፔክተር" አለ ገና ስትገባ። "ያያት ሰው አለ። ፊት ለፊት መናገር ፈርቶ በሥዕል ነገረን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?"

"ማን ይመስልሃል ያያት?"

"እንጃ። ይሄ ኮሚክ ምናምን የእህቴ ሙያ ነው። እኔ ሃሎ ከማለት ሌላ ከስልክ የማውቀው የለም።"

ነገሩ ወደ እህትየው ያዘነብላል። ግድግዳውን የምትሞላው እሷ፣ የቤቱ ቁልፍ ያላት እሷ። እናት ለሴት ልጅ ትተውት የሚሄዱትን ጌጥ አባት ለአስታማሚ ሲያድሉት ብትሰማ ደሟ አይፈላም? ጉንዳን ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሳ ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣች። አጠገቡ የነበረውንም ሌላ ኮሚክ አነሣች። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆመች።

የቁም ሣጥኑ መስተዋት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በልጅቷ ኮሚክ ውስጥ ስንጥቁ አለ። ሐብል በያዘችው አስታማሚ ሥዕል ውስጥ ግን መስተዋቱ ደህና ነው።

ድኗል።

ጉንዳን ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጠባሳውም የለም። አስታማሚዋ አገጭ ላይ ምንም የለም፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ ጠርቷል።

"ነይ እስቲ" አለቻት ልጅቷን። "ያንቺ ፕሮግራም ጠባሳ ያጠፋል?"

"ኧረ በጭራሽ! የመረጥኩትም ስለማያጠፋ ነው።" ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለቻት። "መጀመሪያ የሞከርኩት ሌላ ነበር። ቆንጆ አድርጎ ይሥላል፤ ግን ፎቶውን ትቶ ከራሱ ነው የሚፈጥረው። መጨማደድ ያቃናል፣ የተሰበረ ይጠግናል፤ አበባ ያዝ ካልሽው አበባ ያስይዝሻል። ሥዬ ሳሳየው አባዬ 'ይቺ ሸጋ የማን ልጅ ናት?' አለኝ። እኔን እኮ ነው!" ሳቋ ሳያልቅ ጠፋ። "አባዬ ሰው የሚለየው በጉድለቱ ነው። በጠባሳ፣ በተንጋደደ ጥርስ። ስለዚህ ተውኩትና አሁን የምሠራበትን፣ የፎቶውን መስመር ብቻ የሚከተለውን ያዝኩ። መልኩ አያምርም፤ ግን አይጨምርም፣ አይቀንስም።"

ከዚያ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

"ይሄ በዚያኛው ነው የተሠራው" አለች ቀስ ብላ።

"ያኔ ማን ነበር የጫነልሽ?"

ልጅቷ ወደ ሳሎኑ በር ተመለከተች።

"ማን ነው?"

"ወንድሜ።"

ሃሎ ከማለት ሌላ አላውቅም ያለው ሰውዬ ስልኩን ሲጠየቅ አላንገራገረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ከኪሱ አወጣና ዘረጋላት።

"ፈትሹ። አንድ ፎቶ ካገኛችሁ እጄን ለካቴና እሰጣለሁ።"

እውነትም ምንም የለም። ፎቶ የለም፣ ፕሮግራም የለም። ተጠርጎ የታጠበ ስልክ ነው። ጉንዳን መለሰችለት፤ እሱም ፈገግ አለ።

"እኔ ግን ያንን ፕሮግራም የጠላሁበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ" አለች እህትየው ከበሩ። "የሰጠሽውን ፎቶ ሁሉ በራሱ አልበም ያስቀምጣል። ከስልክሽ ብታጠፊውም እዚያ ይቀራል። አባዬ ሲታጠብ የተነሣውን እንዲያስቀምጥብኝ አልፈለግኩም።"

"ታዲያ?"

"ስመዘገብ ቸኩዬ ስለነበር እሱ 'በእኔ ኢሜይል ይሁንልሽ' ብሎኝ ነበር።"

የሰውዬው ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

እህትየው ፕሮግራሙን በራሷ ስልክ እንደገና ጫነችው፤ የድሮው መግቢያና የይለፍ ቃል እስካሁን ስልኳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ አልበሙ የማንም ሳይሆን የወንድሟ ሆኖ ተከፈተ።

ከላይ ግድግዳው ላይ የነበረችው ሥዕል አለች። ከሥሯ የተሠራችበት ፎቶ። መስተዋቱ እንደተሰነጠቀ ነው፤ ጠባሳውም በቦታው ነው። አስታማሚዋ በሁለት እጇ የዘረጋችው ግን ወርቅ አይደለም። የሽማግሌው ሜትር ነው፤ ድሮ ልብስ ይለኩበት የነበረው፣ ዛሬም "አምጪልኝ" እያሉ የሚጠይቁት። ጠቅልላ ልታስቀምጠው ስትል ነው ያነሣት።

"አስታወስኩ" አለች አስታማሚዋ። "ፀጉሬን አልሠራሁም፣ አታንሣኝ ብዬው ነበር።"

ጉንዳን ወደ ሰውዬው ዞረች። "ሐብሉ የት ነው?"

እጁ ወደ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ሄደ። ሐብሉን አወጣና መዳፏ ላይ አኖረው። ከልቡ ላይ አውርዶት እንደማያውቅ ከወርቁ ሙቀት ታወቃት።

"አልሸጥኩትም" አለ። "ልሸጠውም አልነበረም። እሑድ ስመጣ 'ያንቺ ነው' ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። የእናቴን አንገት ጌጥ! እኔን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነህ ወይ እያለ የሚጠይቀኝ አባቴ እሷን ልጄ ይላታል። ሌባ ናት ብሎ ካመነ መስጠቱን ይተዋል ብዬ ነው።"

"እሷ እስር ቤት ብትገባስ?"

እህቱን አየ፤ እህቱ ፊቷን አዞረችበት።

"በየቀኑ ትመልሰው ነበር" አለችው ጉንዳን። "ብትጠይቃት ኖሮ ትነግርህ ነበር። ተነሥ፣ እንሂድ።"

ወረቀቱ ወደ ግድግዳው አልተመለሰም። ሽማግሌው እስከ ምሳ ሁሉንም ረሱት። አስታማሚዋ ሾርባ ይዛ ስትገባ ግን እንደገና ሸሿት። ምክንያቱን ረስተዋል፤ ፍርሃቱን አልረሱም። ኮሪደር ወጥታ ተንሰቀሰቀች። በክሱ ወቅት አንድ እንባ ያልወጣት ሴት።

ቀናት አልፈው ጉንዳን ሐብሉን ልታስረክብ ስትመጣ እህትየው ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። አንድ ፎቶ ብቻ አነሣች፦ አስታማሚዋ ሐብሉን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ። መስመሩን ብቻ በሚከተለው ፕሮግራም ሠራችው፤ ከነጠባሳው፣ ከነስንጥቁ። ከሥሩ "ይቺ አስታማሚህ ናት። ሐብሉን የምትጠብቅልህ እሷ ናት" ብላ ጻፈች። ከዚያ እሑድ የሚመጣውን ልጅ ሥዕል ልትገነጥለው እጇን ሰደደች።

"ተይው" አለቻት አስታማሚዋ። "አባባ ስለ እሱ ይጠይቃሉ።"

ጠዋት ሽማግሌው አዲሱ ወረቀት ፊት ቆሙ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ጣታቸው ሥዕሉ ላይ ባለችው ጠባሳ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ዞር ብለው የአስታማሚዋን አገጭ አዩ። እንደገና ወረቀቱን፣ እንደገና አገጩን።

"አንቺ ነሽ ለካ" አሉ።

ሣጥኗን ከፈቱና ሐብሉን አወጡላት።

"ያንቺ ነው ልጄ፣ ውሰጂው።"

"እሺ አባባ" አለች። ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቀችና ቦታው መለሰችው።