ሁለት ስንብት

አስከሬኑ የተገኘው ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ሟቿ የወደቀችው ከአራተኛው ፎቅ፣ ከገዛ ሥራ ክፍሏ በረንዳ ነበር። ስለ ቤት አያያዝ የምትጽፍ ጦማሪ ናት፤ ገጿ «ጓዳዬ» ይባላል፣ አንባቢዎቿም እሷኑ ጓዳዬ ይሏታል። በዚያው አመሻሽ ገጿ ላይ የስንብት ጽሑፍ ወጣ። ፖሊስ ጣቢያው ራሷን አጥፍታለች ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲሰናዳ ነገሩ ለአንዲት መርማሪ ተሰጠ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምንቸገረኝ» ይሏታል። ከባዱን ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል ሁልጊዜ «ምን ቸገረኝ» ብላ ነው የምትጀምረው። እንደ እሷ የሰው ነገር የሚቸግረው ሰው ግን ጣቢያው ውስጥ አልነበረም።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሟቿ እናት ቤት ነው። እናትየው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ታናሽ እህት ዓይኗ አብጦ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ተቀመጪ ያላት የለም።

«እማማ፣ ምን ብላ ጽፋ ነው ያዩት?»

እናትየው ስልካቸውን አቀበሏት። «እህቴ ከተናገረችኝ በኋላ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ደህና ሁኑ» ይላል። ከሥሩ አስተያየቱ እንደ ጉድ ጎርፏል፤ ታናሿን «ገዳይ» የማይላት የለም።

«ነገ ቀብሩ ላይ ድርሽ እንዳትል» አሉ እናትየው፣ ወደ በሩ ሳያዩ። «ከዚያ በኋላም እዚህ ቤት።»

«እኔ ያነበብኩት ይሄን አይደለም» አለች ታናሿ። «ማታ ስልኬ ላይ ያየሁት ‹ደክሞኛል፣ ማንንም አልወቅስም› ነው የሚለው። እማዬ ትሙት!»

«እማዬማ ሞታልሻለች።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ምን ቸገረኝ፣ ግን ምን ብለሻት ነበር?»

«ከሚያሞግሱሽ ግማሹ ሰው አይደለም አልኳት። ፎቶ የላቸው፣ ስማቸው የሰው ስም አይመስል፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ቃል። እዚያው አስተያየት መስጫው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጻፍኩባት። ተናዳ ስልኳን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።»

እናትየው ከንፈራቸውን ነከሱ። መርማሪዋ ስትወጣ አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። መዋሸት የፈለገ ሰው ማንም ስልኩን ከፍቶ ውሸት መሆኑን የሚያይበትን ነገር አይናገርም። ልጅቷ ወይ አብዳለች፣ ወይ እውነቷን ነው። ያበደች ደግሞ አትመስልም።

ጣቢያ እንደደረሰች ጸሐፊዋንና ሾፌሩን ጠራች። ሁለቱም የጓዳዬ ተከታዮች ናቸው፤ ሾፌሩ ይህን የሚያምነው በግድ ነው።

«ስንብቱን ያኔውኑ አይታችሁታል?»

ሁለቱም ገና እንደወጣ አይተውታል። ጸሐፊዋ «ማንንም አልወቅስም» የሚለውን ስትናገር፣ ሾፌሩ አቋረጣት። «ኧረ እህቷን ነው የወቀሰችው!» ጸሐፊዋ ስልኳን ከፍታ ፈለገች። ያነበበችው ጽሑፍ የለም፤ የሾፌሩ ብቻ ነው ያለው። «ተለውጧል እንዴ?» አለች ግራ ገብቷት።

በማግስቱ ማለዳ መርማሪዋ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደች። ለገጿ ፎቶ የምታነሳላት ፎቶ አንሺ መብራቶቿን እየነቀለች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያልታጠበ ኩባያ አለ። የበረንዳው ብረት ከወገብ በታች ነው።

«ጓዳዬ ጽሑፏን በምን ነበር የምታወጣው?»

«በስልኳ። ጽፋ እዚያው ትለጥፈዋለች። በኮምፒውተር ማሠራጫ መሣሪያው የሚያወጣው ገጿን የሚያሳድግላት የማስታወቂያው ሰውዬ ነው፤ መግቢያ ቃሉም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። እሷ ‹እኔ ከሰው ጋር ነው የማወራው፣ ከማሽን ጋር አይደለም› ትል ነበር።»

«ስንብቱን መቼ አየሽው?»

«ትናንት ጠዋት። እህቷን መውቀሷ አልዋጥልሽ አለኝ። ለእህቷ ሟች ነበረች እኮ።»

የማስታወቂያው ሰውዬ ቢሮ ሁለት በር አልፎ ነው። የሐኪም፣ የጠበቃ፣ የጦማሪ ገጽ እያሳደገ የሚኖር፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «ያልታየ፣ የለም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ለአንባቢዎቿ አጭር ማስታወቂያ ብታዘጋጅልን?»

ሰውየው ለመታዘዝ ቸኩሎ ጻፈና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። «ይኸው። ይሄኛው ረጋ ያለ ነው፣ ያኛው ልብ ይነካል። ለግማሹ ሰው አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን እንለቃለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያው ብዙ ሰው የተቀባበለውን ያስቀርና ሌላውን ራሱ ያጠፋዋል።»

«ለቀብርም?»

«ለሁሉም እንዲህ ነው የምንሠራው።»

«ስንብቷን ያኔውኑ አይተኸዋል?»

«የት አይቼው! ራሴን አሞኝ ስልኬን አጥፍቼ ተኝቼ ነበር። ትናንት ጠዋት ስከፍት ነው ያየሁት። ‹ማንንም አልወቅስም› ስትል ሆዴ ባባ።»

መርማሪዋ አመስግና ተነሳች። «ምን ቸገረኝ» አላለችም።

ከቀብሩ በፊት ሁሉንም በሟቿ ሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እናትየው ብቸኛው ደህና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ታናሿ እንደለመደችው በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ልጅዎ አልዋሸችም» አለች መርማሪዋ። «እርስዎም አልተሳሳቱም። ስንብቱ ሁለት ነበር። ግማሹ አንባቢ አንዱን አየ፣ ግማሹ ሌላውን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እህቷን የሚወቅሰው ብቻ ቀረ። እንዲህ የሚያደርገው መሣሪያው ነው። ጓዳዬ ደግሞ መሣሪያውን አትነካም፤ መግቢያ ቃሉም የላትም።»

ፎቶ አንሺዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው የትኛው ስንብቴ ይበልጥ ይወደዳል ብሎ አይሞክርም» አለች መርማሪዋ። «እንዲህ የሚያደርግ የቀብር ጥሪ እንኳ ሁለት አድርጎ የሚጽፍ ሰው ነው።» ወደ ማስታወቂያው ሰውዬ ዞረች። «ጠዋት ነው ያየሁት አልከኝ። ጠዋት ‹ማንንም አልወቅስም› የሚለው ከማንም ስልክ ላይ ጠፍቷል። አንተ የት አነበብከው?»

ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

«ምን ቸገረኝ፣ ግን እነዚያ አሞጋሾች የማን ሥራ ናቸው?»

«የኔ» አለ ሰውየው። «እህቷ ከነገረቻት ወዲያ አንድ በአንድ ስታጣራ ሰነበተች። ነገ ለአንባቢዎቼ እውነቱን እጽፋለሁ አለችኝ። ደንበኞቼ በሙሉ ያነቡታል፤ አለቀልኝ ማለት ነው። ስልኳን ልነጥቃት ስል ወደ በረንዳው ሸሸች። ገፋኋት። ብረቱ አጭር ነው።»

«ከዚያ ቁጭ ብለህ ጻፍክላት።»

«እጄ ለምዶት ነው ሁለት የሆነው። አላሰብኩበትም።»

«የትኛው ያሸንፋል ብለህ ነበር?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «ማንንም የማይወቅሰው መስሎኝ ነበር። ያኛውን የመረጠው ሰዉ ነው።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ታናሿ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው የኔው ቃል ነው ያስነሳት። አፌን ብይዘው ዛሬ ትኖር ነበር።»



እናትየው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ሄደውም አጠገቧ ቆሙ። «እውነት ነገርሻት፤ እሷም ሰማችሽ። እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ። ፊቴ ቆመሽ እየማልሽ ስልክ አምኜ ልጄን ካድኩ።»

«እማዬ፣ ተይ በቃ።»

«ተነሽ፣ እጄን ያዢኝ። ቀብሩ ይረፍድብናል።»

ደረጃውን ቀስ እያሉ አብረው ወረዱ። የእናትየው ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ፤ ሰው ከዚያ ጽሑፍ ሥር አሁንም ታናሿን እየሰደበ ነው። ሁለቱም አላወጡትም።